ቴስቱ መቼ ይጻፍ? የፈረቃ ሶፍትዌራችን የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ የፈረቃ መደልደያውን ሶፍትዌር እንደገና መጻፍ ጀመርን። አራት ነን። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ኃላፊ የሳምንቱን ፈረቃ ለሠራተኞቹ ይደለድላል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የአንድ ሠራተኛ ፈረቃዎች እንዳይደራረቡ ይጠብቃል፣ የተሠራውን ሰዓት ይቆጥራል፣ የትርፍ ሰዓቱን ያሰላል። አሮጌው ስሪት አንድም አውቶሜትድ ቴስት፣ ማለትም ኮዱ የሚጠበቀውን መልስ መስጠቱን በራሱ የሚያረጋግጥ አጭር ፕሮግራም፣ የለውም። ሲጀመር “ቴስቱን መጨረሻ ላይ እንጽፈዋለን” ተብሎ ነበር። መጨረሻው ሲደርስ ግን የቀረው ጊዜ ሁሉ ባግ (የኮድ ስህተት) ሲለቀም አለቀ፣ ቴስቱም እንደታሰበ ቀረ።

ቴስት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው ላይ በመካከላችን ክርክር የለም። ያልተስማማነው “መቼ” በሚለው ላይ ነው። አንዱ ባልደረባችን ሁሉም ነገር ከኮዱ በፊት ይጻፍ ባይ ነው፤ ሌላው ኮዱ ከረጋ በኋላ ባይ። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ ልይዝ ወሰንኩ። እያንዳንዱ ቴስት ሲጻፍ ከጎኑ “ቀድሞ”፣ “አብሮ” ወይም “ኋላ” የሚል ምልክት አደርጋለሁ፤ ምን እንደያዘና ምን እንዳመለጠውም እጽፋለሁ።

ቀን 2

በመደራረብ ደንቡ ጀመርን። ፈንክሽኑን፣ ማለትም ደንቡን የሚያሰላውን የኮድ ክፍል፣ ከመንካታችን በፊት ከቡድናችን ታናሽ ጋር ቁጭ ብለን ጉዳዮቹን በቴስት መልክ አንድ በአንድ አወረድናቸው። አንዱ ፈረቃ ሌላው ሳይጀምር ያበቃል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል፤ የአንዱ ጅራት በሌላው ራስ ላይ ይወጣል። አራተኛው ላይ ስንደርስ እጃችን ቆመ። አንዱ 14:00 ላይ ቢያበቃና ሌላው ልክ 14:00 ላይ ቢጀምር ተደራረበ ይባላል?

የተሰጠን የሥራ ዝርዝር ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። አሮጌውን ኮድ ከፈትነው፤ ተደራርቧል ይላል። ድልደላውን የሚሠራውን ኃላፊ ስንጠይቀው መልሱ ሌላ ሆነ፦ “አይደራረብም እንጂ! ሲስተሙ እምቢ ስለሚለን ነው ሁልጊዜ 13:59 ብለን የምናስገባው።” በአሮጌው ዳታ ውስጥ በ59 የሚያልቁ ሰዓቶች ለምን እንደበዙ ያን ጊዜ ገባን። ሰው ለዓመታት የሶፍትዌሩን ስህተት በጣቱ ሲያርም ኖሯል። በዚያው ንግግር ሌላም ደንብ አገኘን፦ ተያይዘው ባልተመደቡ ሁለት ፈረቃዎች መካከል ቢያንስ 8 ሰዓት ዕረፍት ይኑር። እሱም ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።

ኮዱ ራሱ አንድ መስመር ነው፦ የመጀመሪያው መነሻ ከሁለተኛው ማብቂያ የሚቀድም ከሆነ፣ የሁለተኛውም መነሻ ከመጀመሪያው ማብቂያ የሚቀድም ከሆነ፣ ተደራርበዋል። ይህን መስመር ለመጻፍ ደቂቃ አልፈጀብንም። ቴስቱን ቀድሞ መጻፉ የሰጠን ኮዱን ሳይሆን ጥያቄውን ነው።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ቴስቶቹን ከባዶ ፈንክሽን ጋር ስናስኬዳቸው ግማሾቹ ገና ምንም ሳንጽፍ አረንጓዴ ሆኑ (ቴስት ሲያልፍ አረንጓዴ፣ ሲወድቅ ቀይ ይታያል)። ባዶው ፈንክሽን ሁልጊዜ “አልተደራረበም” ብሎ ስለሚመልስ፣ “አይደራረብም” ብለው የሚጠብቁት ሁሉ አለፉ። ቴስት ቀድሞ መጻፍን ያስፋፋው ፕሮግራመር ኬንት ቤክ ሲያስተምር መጀመሪያ ቀዩን እዩ የሚለው ለዚህ ነው። እነዚህን ለማመን ፈንክሽኑ ሁልጊዜ “ተደራርቧል” እንዲል አድርገን እንደገና አስኬድናቸው፤ አሁን እነሱም ቀሉ። ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛውን መስመር የጻፍነው። ሁሉም “ቀድሞ”።

ቀን 4

ትናንትና ዛሬ ውሃ በላቸው፤ ጥፋቱም የኔ ነው። የሳምንቱን ሰንጠረዥ የሚያሳየውን ገጽ፣ ኃላፊው ፈረቃ በማውስ ጎትቶ የሚያስቀምጥበትን፣ እንደ መደራረቡ ሁሉ ከቴስት ልጀምረው ብዬ ነበር። ቴስቱ “ሰባት ዓምድ አለ፣ በሦስተኛው ላይ ይህ ስም ያለው ቁልፍ አለ” የሚል ነው። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ በዓምድ፣ ቀኖቹ በረድፍ ቢሆኑ ይሻላል ተባለ። ቴስቱ ሞተ። ዛሬ ጠዋት ቁልፉ ቀርቶ በመጎተት ብቻ ይሁን ተባለ። እንደገና ሞተ። ከሰዓት በኋላ ወደ መጀመሪያው አቀማመጥ ተመለስን።

መደራረብን ስንጽፍ መልሱን እናውቅ ነበር፤ የማናውቀውን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ነበረ። እዚህ ግን ምን እንደምንሠራ የሚያውቅ ማንም የለም፤ ኃላፊው ራሱ የሚፈልገውን የሚያውቀው ሲያየው ነው። በ2014 ፕሮግራመሩ ዴቪድ ሃይነመየር ሃንሰን ቴስት ቀድሞ መጻፍን ተቃውሞ ሲነሳና ከኬንት ቤክና ከሶፍትዌር መጻሕፍት ደራሲው ከማርቲን ፋውለር ጋር በተከታታይ ሲወያይ፣ ኮድ ለቴስት እንዲመች ሲባል መጣመም የለበትም የሚለው አንዱ ነጥቡ ነበር። ዛሬ ያን ስሜት በደንብ ተረዳሁት።

የገጹን ቴስቶች ሁሉ ሰረዝኳቸው። ስምምነታችን ይህ ሆነ፦ ቅርጹ ያልታወቀ ነገር ያለ ምንም ቴስት ለብቻው ብራንች (ከዋናው የተለየ የኮዱ ቅጂ) ላይ ይሞከር። ያ ብራንች ግን ወደ ዋናው ሜርጅ አይደረግም (አይቀላቀልም)። ቅርጹ ሲታወቅ ከባዶ፣ ከቴስቱ ጋር አብሮ ይጻፋል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከሌለ የመጀመሪያው አደገኛ ነው፤ ለሙከራ የተጻፈ ኮድ ሲሠራ ከታየ ማንም ሊጥለው አይፈልግምና።

ቀን 6

የሰዓት ቆጠራ። ከ22:00 እስከ 06:00 የሠራ ሰው ስንት ሰዓት ሠራ? እንዲሁ ቢቀነስ −16 ይመጣል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ቴስቱም ኮዱም በአንድ ተቀምጦ ተጻፈ።

ያልታሰበው ሰዓት የሚቀየርበት ሌሊት ነበር። ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ በሚቀይሩ አገሮች የሚኖሩ ተጠቃሚዎች አሉን። ሰዓቱ አንድ ወደ ፊት በሚገፋበት ሌሊት ከ22:00 እስከ 06:00 የሚሠራው 7 ሰዓት ነው፤ ወደ ኋላ በሚመለስበት ሌሊት 9። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁለቱንም ቀን 8 ይላል። ለሁለቱም ቴስት ጻፍን። ለዕረፍቱ ደንብም አንድ ጨመርንለት፦ ሰዓቱ ወደ ፊት በሚገፋበት ሌሊት 19:00 የወጣ ሰው 06:00 መግባት ይችላል፤ በእውነት ያረፈው 10 ሰዓት ስለሆነ ከ8 በላይ ነው።

366 ቀን ላለው ዓመት የመጨረሻ ቀንም አንድ ቴስት አለን። ትርፍ መስሎ የታያቸው ነበሩና የዙንን ታሪክ ነገርኳቸው። የማይክሮሶፍት የሙዚቃ ማጫወቻ ነበር። ዲሴምበር 31 ቀን 2008፣ ማለትም በዓመቱ 366ኛ ቀን፣ የ30 ጊጋባይቱ ዙን በያለበት ቀጥ አለ። ቀኑን ወደ ዓመት የሚቀይረው ኮድ ቀሪው ቀን ከ365 ሲበልጥ ይዞራል፤ ዓመቱ 366 ቀን ያለው ከሆነ ደግሞ ቀሪው ከ366 ሲበልጥ ብቻ ይቀንሳል። ልክ 366 ሲሆን የሚቀንሰውም የሚያስወጣውም የለም፤ ሲዞር ዋለ። ቀኑ ሲያልፍ ማጫወቻዎቹ ተመለሱ። እንዲህ ያለውን ወሰን የሚያስታውሰው ሰው ደንቡን በሚጽፍበት ሰዓት፣ ጉዳዩ አእምሮው ላይ ትኩስ እያለ ነው። ከወር በኋላ ቴስት ልጻፍ ብሎ የሚቀመጥ ሰው የሚያስበው ከ08:00 እስከ 16:00 ነው።

ቴስቱን አብሮ መጻፍ የኮዱንም ቅርጽ ለወጠው። የመጀመሪያው ረቂቄ “አሁን ስንት ሰዓት ነው” የሚለውን ከፈንክሽኑ ውስጥ ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ያነብ ነበር። እንደዚያ ከሆነ ሰዓት የሚቀየርበትን ሌሊት ለመሞከር ያን ሌሊት መጠበቅ ሊያስፈልገን ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ከውጭ እንዲሰጠው አደረግን። ትንሽ ለውጥ ናት፤ ኋላ ቢሆን ግን ፈንክሽኑን በሚጠሩት ቦታዎች ሁሉ መግባት ይጠይቅ ነበር።

ቀን 9

ዛሬ ስብሰባ ላይ ነገሩ ፈነዳ። “ወደ ኋላ እየቀረን ነው” አለ ዳታቤዙን የሚይዘው ባልደረባችን። “ለአንድ ፈንክሽን ግማሽ ቀን ቴስት ስንጽፍ እንውላለን። ማስረከቢያው ሲደርስ ማን ሊጠየቅ ነው?”

ስህተት ነህ አላልኩትም፤ ስህተት አይደለማ። በ2008 የወጣ አንድ ጥናት የማይክሮሶፍትን ሦስትና የአይቢኤምን አንድ ቡድን አይቶ ነበር። ቴስት ቀድመው የጻፉት ቡድኖች ሶፍትዌሩ ከመለቀቁ በፊት የተገኘባቸው ስህተት፣ በዚያ መንገድ ካልሠሩ ተመሳሳይ ሥራዎች ጋር ሲነጻጸር፣ ከ40 እስከ 90 በመቶ ያነሰ ነበር። የመጀመሪያው ልማት የፈጀው ጊዜ ደግሞ በኃላፊዎቹ ግምት ከ15 እስከ 35 በመቶ ጨምሯል። ሁለቱንም ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብኩ። የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ሁለተኛውን መዝለል ባልደረባን ማታለል ነው።

ከዚያ የወሰንነው ጊዜው ከጅምሩ በግምታችን ውስጥ እንዲገባ ነው። ለቴስት ለብቻው ቲኬት (በሥራ ዝርዝራችን ላይ የሚመዘገብ አንድ ሥራ) አንከፍትም። “ፊቸር” (አዲሱ ተግባር) አንድ ቲኬት፣ “የፊቸሩ ቴስት” ሌላ ቲኬት ከሆነ፣ ሁለተኛው ሳምንት በመጣ ቁጥር እየተገፋ ነገ ዛሬ ሲባል ይቀራል። ባለፈው ሥራችን የሆነው እሱ ነው። ቴስቱ የሌለበት ፊቸር አላለቀም፤ ስንት ቀን ይፈጃል ስንባልም ከነቴስቱ እንናገራለን። ባልደረባችን በዚህ ተስማማ፤ ቅር ያለው ሥራው ሳይሆን ያልተቆጠረ ሥራ መሆኑ ነበር።

ቀን 12

ከአሮጌው ኮድ አንድ ክፍል መጣል አልቻልንም፤ የመግቢያና የመውጫ ሰዓትን ወደ ቅርቡ ሩብ ሰዓት የሚያጠጋጋው ነው። ደንቡ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ክፍያው ግን በእሱ ላይ ቆሟል።

እዚህ “ቀድሞ” ማለት ሌላ ትርጉም አለው፤ ኮዱ አለ፣ የሌለው ቴስቱ ነው። ስለ አሮጌ ኮድ አያያዝ መጽሐፍ የጻፈው ማይክል ፌዘርስ ለዚህ የሚመክረውን አደረግን። ኮዱን ሳንነካው ብዙ ሰዓቶች አስገባንለት፣ የመለሰውን ትክክል ነው አይደለም ሳንል እንዳለ መዝግበን ቴስት አደረግነው። 7 ደቂቃ ወደ ታች፣ 8 ደቂቃ ወደ ላይ። ጥሩ። ከዚያ 23:53።

23:53 ሲጠጋጋ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ኮዱ ግን እኩለ ሌሊቱን የሚወስደው በዚያው ቀን መጀመሪያ ላይ እንዳለ 00:00 ነው። እናም ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት የወጣ ሆኖ ሰዓቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከታች ያለ ሌላ መስመር ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነውን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል። ስምንት ሰዓት ቆሞ ሠርቶ 23:53 ላይ የወጣ ሰው ምንም እንዳልሠራ ይቆጠራል። ኃላፊዎቹ ሲያገኙት በእጅ ያርሙት እንደነበር ቆይቶ ሰማን። ሳያገኙት ያለፈው ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል። ይህን መስመር ሳየው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ አንድ ሰው ደመወዙን ቆጥሮ ሲጎድልበት ራሱን ሲጠራጠር ታየኝ።

እጄ ወዲያው ሊያርመው ሄደ፤ ተውኩት። መጀመሪያ ቴስቱን “ስህተት፦ 23:53 የወጣ ዜሮ ይቆጠርለታል” ብዬ ሰየምኩና ኮሚት አደረግኩት፣ ማለትም በኮዱ የለውጥ ታሪክ ላይ መዘገብኩት። ማረሚያው በሚቀጥለው ኮሚት ለብቻው ገባ፤ የቴስቱ ስምና የሚጠብቀው ቁጥር አብረው ተቀየሩ። ማንም ታሪኩን ቢያይ ምን እንደነበረና መቼ እንደተቀየረ ያነበዋል።

ቀን 16

ለሙከራ ከሰጠናቸው ኃላፊዎች አንዷ ደወለች፤ አንድ ሠራተኛ በሁለት የሚደራረቡ ፈረቃዎች ተመድቧል። ለመደራረብ ያን ሁሉ ቴስት ጽፈናል፤ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው።

ምክንያቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተገኘ። ኮዳችን መጀመሪያ ዳታቤዙን “የሚደራረብ አለ?” ብሎ ይጠይቃል፣ ከሌለ ይጽፋል። ሁለት ኃላፊዎች በአንድ ቅጽበት “አስቀምጥ” ሲጫኑ ሁለቱም ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም “የለም” ይባላሉ፣ ሁለቱም ይጽፋሉ። ቴስቶቻችን ይህን ማየት አይችሉም ነበር፤ ለፍጥነት ብለን በዳታቤዙ ቦታ ሞክ (አስመሳይ ምትክ) አስቀምጠናል፣ ሞኩ ደግሞ ሁልጊዜ የነገርነውን ነው የሚመልሰው።

መፍትሔውንም አወቅነው። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ “ለአንድ ሠራተኛ ሁለት የሚደራረብ የጊዜ ክልል አይግባ” የሚል ገደብ በራሱ መያዝ ይችላል። የጊዜ ክልሉም በተለመደው አቀማመጡ መነሻውን ያካትታል፣ ማብቂያውን አያካትትም፤ ልክ በቀን 2 ኃላፊው እንደነገረን። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። “ላስገባው?” አልኩ።

“ቀዩን ሳናየው አንነካውም” አለች ታናሿ።

ልክ ነበረች። በእውነተኛ ዳታቤዝ ላይ ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚልክ ቴስት ጻፍን። አስኬድነው፤ አረንጓዴ! ባጉ እዚያው እያለ። ሁለቱ አብረው ተነሡ ብንልም አንደኛው ሁለተኛው ሳይጀምር ይጨርስ ነበር። ገደቡን ቀድመን አስገብተን ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ቴስት አስኬደን፣ አረንጓዴውን አይተን፣ “ተፈታ” ብለን እንሄድ ነበር። ቴስቱ ምንም እንደማይጠብቅ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

ቀኑ የሄደው ቀዩን ለማየት ነው። በመጨረሻ ሁለቱ ጥያቄዎች “የሚደራረብ የለም” የሚለውን መልስ ከያዙ በኋላ እንዲቆሙና ሁለቱም እዚያ ሲደርሱ አብረው ለመጻፍ እንዲለቀቁ አደረግን። ቀይ ሆነ፤ ስናስኬደው ስናስኬደው ያው ቀይ። ከዚያ ገደቡን አስገባን፤ አረንጓዴ። ገደቡን አወጣነው፤ ቀይ። መለስነው። ሁለተኛዋ ኃላፊ አሁን “ይህ ሠራተኛ አሁን በሌላ ተይዟል” የሚል መልእክት ይደርሳታል።

ለባግ የሚጻፍ ቴስት ከማረሚያው በፊት ነው። በሌሎቹ ላይ ገና እከራከራለሁ፣ በዚህ ላይ ግን ክርክሬን ጨርሻለሁ።

ቀን 18

ቴስቶቹ ተደምረው አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃሉ። ሰው ማስኬድ እየተወ ነው፤ ትናንት እኔም ትቼው ኮዴን ፑሽ አድርጌያለሁ (ወደ ጋራው ማከማቻ ልኬያለሁ)። ለሁለት ከፈልናቸው፦ ዳታቤዝ የማይነኩት በሰከንዶች ያልቃሉ፣ በየኮሚቱ ይሄዳሉ፤ የቀሩት ከሜርጅ በፊት ሰርቨሩ ላይ ይሄዳሉ። በጊዜው የተጻፈ ቴስት በጊዜው ካልተካሄደ ካልተጻፈው አይለይም።

ቀን 21

ዛሬ ኮዱን ሆን ብለን አበላሸነው። ሐሳቡ ሪቻርድ ሊፕተን በ1971 ተማሪ ሳለ ያቀረበው ነው፦ ኮዱ ውስጥ ትንሽ ስህተት ዝራ፣ ቴስቱ ካልያዘው ቴስቱ ተኝቷል ማለት ነው። ለዚህ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ፤ እኛ ግን በእጃችን አደረግነው። “ያንሳል” የሚለውን “ያንሳል ወይም እኩል ነው” አደረግነው፣ ቁጥር ቀየርን፣ መስመር ሰረዝን።

“ቀድሞ” እና “አብሮ” የሚል ምልክት ያላቸው የመደራረብና የሰዓት ቴስቶች የሞከርነውን ሁሉ ያዙ። “ኋላ” የሚል ምልክት ያላቸው ላይ ሁለት ነገር አመለጠ፤ ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሌሊት አበል የሚጀምርበትን 22:00 ወደ 21:00 ቀየርነው፤ ሁሉም አረንጓዴ። በቴስቴ ውስጥ ያሉት ፈረቃዎች ወይ ሙሉ በሙሉ ቀን ወይ ሙሉ በሙሉ ሌሊት ነበሩ፤ ወሰኑን የሚሻገር አንድም የለም። ሁለተኛው ይብሳል። ከስምንት ሰዓት ፈረቃ የ30 ደቂቃ ዕረፍት ሲቀነስ 7.5 መሆን ሲገባው ቴስቴ 7.75 ይጠብቃል። ከየት አመጣሁት? ኮዱን አስኬጄ የመለሰውን ቁጥር ገልብጬ። ኮዱ የሚቀንሰው 15 ደቂቃ ነበር። ቴስቱ ባጉን ሲጠብቅለት ከርሟል።

ኋላ መጻፍ በራሱ ጥፋት ነው ብዬ ግን አልጽፍም፤ እዚሁ ማስታወሻ ላይ የሚቃወመኝ ነገር አለ። የዕረፍት ፈቃዱን ክፍል ኮዱን የጻፈው ዳታቤዝ የሚይዘው ባልደረባችን ነው፤ ቴስቱን ኋላ የጻፈችው ደግሞ ታናሿ ናት፣ ኮዱን ሳትከፍት የሥራ ዝርዝሩን ብቻ ይዛ። ያ ቴስት ያበላሸነውን ሁሉ ያዘ። የኔን የገደለው ሰዓቱ ብቻ አልነበረም፤ መልሱን ከሚፈተነው ከራሱ መቀበሌ ነው። የራሴን ኮድ ጽፌ ስጨርስ ግን ሌላ መልስ በአእምሮዬ አይቀርም፤ ስለዚህ የራሴን ከእንግዲህ ኋላ አልጽፍም።

ቀን 23

የአሮጌውን ዳታ ወደ አዲሱ የሚያዛውረውን ስክሪፕት ያለ ቴስት ጻፍነው። አንድ ጊዜ ይሄዳል፣ ይጣላል። ቅጂ ላይ አስኬድነው፣ ረድፎቹን በሁለቱም በኩል ቆጠርን፣ የአንዳንዱን ሠራተኛ ሙሉ ወር በዓይን አስተያየን። በቂ ነው።

ቀን 26

ኃላፊዎቹ ደንብ ቀየሩ፤ በሁለት ፈረቃ መካከል ያለው ዕረፍት ከ8 ሰዓት ወደ 11 ከፍ ይበል። ሥራውን ታናሿ ወሰደችው። ኮዱን አልከፈተችም፤ የቴስቱን ፋይል ከፍታ በ8 ሰዓት ወሰን ላይ የቆሙትን ሦስት ቴስቶች ወደ 11 ቀየረቻቸው። ሦስቱም ቀሉ። ከዚያ ኮዱ ውስጥ ያለውን ቁጥር ቀየረች፤ ሦስቱም አረንጓዴ ሆኑ።

አራተኛ ግን ቀላ፤ ማንም ያልነካው። የቀን 6ቱ፣ ሰዓቱ ወደ ፊት በሚገፋበት ሌሊት 19:00 ወጥቶ 06:00 የሚገባው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲታይ 11 ሰዓት አርፏል፤ ይፈቀዳል። በእውነት ያረፈው 10 ነው፤ ይከለከላል። ደንቡ 8 ሳለ በየትኛውም ቢቆጠር መልሱ አንድ ስለነበር ልዩነቱ ተደብቆ ቆይቷል።

“የቱን ላርም፣ ቴስቱን ነው ኮዱን?” ብላ መጣች። አብረን አየነው። ሁለታችንም አናውቅም፤ ደንቡን የጻፉትም ያን ሌሊት ያሰቡት አይመስለኝም። ቴስቱን እንደቀላ ትተን ብራንቹን ሳንዘጋ ወጣን። ነገ ጠዋት ኃላፊውን እንጠይቀዋለን።